ላልተለካ ውሃ የተከፈለ ቀብድ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ጉዳዩ፦ ለውሃ ማለስለሻ የከፈልኩት ቀብድ እንዲመለስልኝ፣ አለዚያም የቤታችን ውሃ የጠጣርነት ልኬት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የሽያጭ ሠራተኛችሁ ቆጪ ያለው ቤታችን ድረስ መጥቶ የውሃ ማለስለሻ (ውሃን ጠጣር የሚያደርጉትን ካልሺየምና ማግኒዥየም የሚያስወግድ መሣሪያ) እንድናስገባ አግባብቶን፣ የዋጋውን ሲሶ በቀብድ ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። መሣሪያው እስካሁን አልተገጠመም። ጉዳዩን ካጣራሁ በኋላ "አይገጠምልኝ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ" ብል ቢሯችሁ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ "ቀብድ አይመለስም።" ደረሰኙ ላይ እንዲህ የሚል ቃል የለም። ጀርባውንም ገልብጬ አይቻለሁ።

ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ ላስረዳ። ሠራተኛችሁ የመጣ ዕለት ቡና ተፈልቶ ነበር። ሲኒዎቹን ገፋ አድርጎ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ። በአንዱ የቧንቧችንን ውሃ ቀዳ፤ በሌላው ይዞት የመጣውን የታሸገ ውሃ። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሉት መሣሪያ ሶኬት ላይ ሰክቶ ዘንጎቹን ሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ነከረ። ወዲያው የኛ ውሃ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። መጨረሻ ላይ ከሥሩ አተላ የመሰለ ነገር ዘቀጠ። የታሸገው ብዙም አልተለወጠም። "ማዘር፣ በየቀኑ የሚጠጡት ይኸውላችሁ" አላት እናቴን። እናቴ "ያ ረቢ!" ብላ ሲኒዋን አስቀመጠች። ጠጣር ውሃ ኩላሊት ላይ ጠጠር እንደሚሠራ፣ ፀጉር እንደሚያረግፍ የነገረንም ያኔ ነው። እንዲህ ተብሎ ቀብድ የማይከፍል ማን አለ?

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል። የሆነውን ስነግረው ሳቀ። ከሱቅ የታሸገ ውሃ አስገዛኝና ቁንጢጥ የወጥ ጨው ጨመረበት። ሁለት ሚስማር ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ነከረው። ትንሽ ቆየት ብሎ ያ ንጹሕ ውሃ የናንተን ብርጭቆ ሆነ። ቡናማው ነገር ከውሃው ሳይሆን ከብረቱ የወጣ ዝገት ነው። ማንኛውም ማዕድን ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ ይሟሟል፤ በቃ። የታሸገው ውሃ ያልጠቆረው ማዕድኑ አነስተኛ ስለሆነ እንጂ የኛ ስለቆሸሸ አይደለም።

ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ማለስለሻው ውስጥ ያለው ሬዚን የሚባል የፕላስቲክ ፍሬ ካልሺየምና ማግኒዥየም ይይዝና በምትካቸው ሶዲየም ይለቃል። ማዕድን በማዕድን ተተካ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ በናንተው መሣሪያ ያለፈ ውሃ ላይ ያንኑ ዘንግ ብትነክሩ እሱም ይጠቁራል። ሠራተኛችሁ ይህን ሙከራ ለምን እንዳላሳየን አሁን ገብቶኛል።

የውሃ ጠጣርነት በዘንግ አይለካም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ጠብ ጠብ እየተደረገ፣ ቀለሙ ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ይቆጠራል። ውጤቱም በሊትር በሚሊ ግራም የካልሺየም ካርቦኔት መጠን ይጻፋል። በተለመደው አመዳደብ እስከ 60 ለስላሳ ነው፤ ከ180 በላይ በጣም ጠጣር። የኛ ስንት ነው? ስልክ ደውዬ ይህንኑ ብጠይቅ የመለሰችልኝ ልጅ "ሲስተሙ ላይ ሃይ ይላል" አለችኝ። ቁጥሩን ስላት "ሃይ ነው የሚለው" ብላ ዘጋችው።

ቁጥሩ ባይኖረኝም ዓይን አለኝ። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ዓመታት አገልግሏል፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የለውም። የቦይለራችን ቴርሞስታት ተበላሽቶ ሲቀየር ሠራተኛው ማሞቂያ ዘንጉን አውጥቶ አሳይቶኛል። ጠቆር ከማለቱ በቀር ንጹሕ ነበር። ከታንከሩ ሥር ግን በጣሳ የሚዛቅ ቀይ ጭቃ ወጣ። ጠጣር ውሃ ሲሞቅ ኖራ የመሰለ ድንጋይ ይተዋል፤ አቼቶ ሲነካው ይንጫጫል። ጭቃው ላይ አቼቶ አፈሰስኩበት፤ ዝም አለ። ሳሙናም እንደ ልቡ ይኩረፈረፋል።

እህቴ ድሬዳዋ ትኖራለች። እዚያ ማንቆርቆሪያ ወራት ሳይቆይ ነጭ ይለብሳል፤ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል። የድሬ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ማለስለሻችሁን እዚያ ብትሸጡ ቃል አይወጣኝም። የጅማ ቧንቧ ውሃ ግን ከጊቤ ተስቦ ቦዬ ላይ የሚጣራ የወንዝ ውሃ ነው። የአካባቢው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ አፈሩ ቀይ፣ ዝናቡም አገር የሚያውቀው። የዚህ ከተማ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚያማርረው የውሃውን መደፍረስና መጥፋት ነው። "ውሃው ጠጠረብኝ" ያለ ጎረቤት አላጋጠመኝም። የጓሮ ጉድጓድ ያለው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ሳያስለካ መግዛት የለበትም።

ማለስለሻው ደግሞ ለጭቃ መፍትሔ አይደለም። እንዲያውም ጭቃው ሬዚኑን ይደፍነዋል። ጀርምም አይገድልም። ይህን ሠራተኛችሁ አንዴም አላነሳም።

ግፊቱንም እንይ። በሰጣችሁኝ ማኑዋል ላይ መሣሪያው ቢያንስ 1.5 ባር የውሃ ግፊት እንደሚፈልግ ተጽፏል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤታችን የሚጠቀመው ከሮቶ ነው። የሮቶው ማቆሚያ 4 ሜትር ገደማ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ እኛ ጋ ያለው 0.4 ነው። ሠራተኛችሁ ሮቶውን ቀና ብሎ አይቶታል፤ "ቆንጆ ነው" ብሎ አለፈ። ፓምፕ ሊያስፈልግ ነው፣ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። የመብራቱን ነገር ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሬዚኑ ሲሞላ በጨው ውሃ ይታጠባል። በአንድ ጊዜ ከመቶ ሊትር በላይ ሊፈስ ይችላል። በጄሪካን ለምንቆጥብ ሰዎች ይሄ ቀላል አይደለም። የሚፈሰውስ የት ይሂድ? "ጓሮ ይለቀቃል" ተባልን። ጓሯችን ውስጥ ያለው ቡናና አቮካዶ ነው። ቡና ሥር ጨው አፍስስ የሚል ሰው ጅማ ውስጥ ሰማሁ ብዬ ለማን ልንገር?

እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሟ ጨው ቀንሺ ብሏታል። ከያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም ጠጣርነት ማለስለሻው በሊትር 46 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይጨምራል። ብዙ አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ። ቢሆንም ሲኒዋን ያስጣላት ሰው ይህን ሊነግራት ይገባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ጠጣርነት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ስለዚህ የኩላሊቱን ወሬ ከየት እንዳመጣችሁት አስረዱኝ።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እኔ ያገኘሁት የዛገ ብርጭቆ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የቤታችን ውሃ ጠጣርነት በቤተ ሙከራ ተለክቶ ከሆነ ቁጥሩን፣ የተለካበትን ቀንና የለካውን አካል ጽፋችሁ ስጡኝ። ካልተለካ ቀብዴን መልሱ። ውጤቱን አምጥታችሁ ውሃው በጣም ጠጣር ሆኖ ከተገኘም ስለ ግፊቱና ስለ ጨው ውሃው መፍትሔ ሳታቀርቡ መሣሪያው አይገጠምም። የደለል ማጣሪያ ከሮቶው በፊት የሚገጠም ካላችሁ ግን ዋጋውን ላኩልኝ፤ እሱን እገዛለሁ። ያ የዘንግ ሙከራም ሌላ ሰው ቤት እንዳይደገም ለሠራተኞቻችሁ ንገሩልኝ። በተለይ አዛውንት ያሉበት ቤት።

መሣሪያውን የሚገጥመው ሠራተኛ ቅዳሜ እንደሚመጣ መልእክት ደርሶኛል። እባካችሁ አትላኩት፤ በር አይከፈትለትም። መልሳችሁን በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ እጠብቃለሁ።

የቀብዱን ደረሰኝና ስለ ግፊቱ የሚናገረውን የማኑዋል ገጽ ኮፒ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ቆጪ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት