ጣሪያው ወድቋል፣ ማይኩ ግን ይሠራል፤ ለቀረጻ ክፍላችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ነሐሴ 14 ሌሊት የጣለውን በረዶ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን ያለችው የቀረጻ ክፍላችን ጣሪያ የወደቀው ያን ሌሊት ነው። ወራጁ ውስጥ ለውስጥ በስብሶ ኖሯል። በረዶው ሲከብድበት ቆርቆሮውንም ኮርኒሱንም ይዞ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ዘበኛችን ደውለውልን ስንደርስ ውኃው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከሦስት ሰዓት በፊት እኮ አራት ልጆች እዚያው ክፍል ውስጥ እየቀረጹ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰብስበናችኋል። መስከረም ላይም በየቤቱ ዞረናል። እስካሁን የተሰበሰበው 61,400 ብር ነው። የሰጣችሁትን እናመሰግናለን። ብዙዎቻችሁ ከጉድለታችሁ ላይ እንደሰጣችሁ እናውቃለን። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ግን አንድም ብር አልገባም። እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። ቢሆንም ሥራውን እዚህ ላይ ማቆም አንችልም።

የሚያስፈልገው 213,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 118,000 ብሩ ለጣሪያው፣ ለእንጨቱና ለኮርኒሱ፣ 95,000 ብሩ ደግሞ ለተበላሹት ዕቃዎች ነው። የቀረን 151,600 ብር ነው። ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በእድሩ አዳራሽ በር ላይ፣ ማህተም ባረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለቀረጻ ክፍል» ብላችሁ ጻፉ።

ባለፈው ስብሰባ የተነሱ ጥያቄዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ከበድ ያሉ ነበሩ፤ መጠየቃችሁም ተገቢ ነው። ገንዘቡ የናንተ ነውና አንድ በአንድ እንመልሳለን።

«የእድር ብር ለፍራሽ ይወጣል ወይ?» ተብለናል። አዎ፣ ስምንት የጥጥ ፍራሽ ገዝተናል። ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳዋ ባዶ ብሎኬት በነበረ ጊዜ የማሲንቆው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለስ ነበር። በየቤቱ እንደሚደረገው የእንቁላል ካርቶን እንለጥፍ ያሉ ነበሩ። ካርቶኑ ግን ስስ ወረቀት ነው። ቀጭን ድምፅን ትንሽ ይነካ ይሆናል፤ ወፍራሙን ድምፅ ምንም አያደርገውም። የውጭ ጩኸትም አያስቀርም። እሳት ከነካው ደግሞ ቶሎ ነው የሚቀጣጠለው። ድምፅ የሚውጠው ወፍራምና አየር የሚያስገባ ነገር ነው። የጥጥ ፍራሽ ለዚህ ይሆናል፤ ጋቢ ደርቦ መስቀልም ይሆናል። በዚያ ብር ተጨማሪ ማይክ ብንገዛ ኖሮ ያንኑ ማስተጋባት አጥርቶ ከመቅዳት በቀር ምንም አይፈይድም ነበር። ዛሬ ክፍል አዘጋጅቶ መቅረጽ ለሚፈልግ ወጣት የምንመክረውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ክፍሉ ይስተካከል፣ መሣሪያው ቀጥሎ ይደርሳል።

«ለምን ውድ ማይክ አልገዛችሁም?» ያሉም አሉ። በተቃራኒው «ለምን ማይክ ገዛችሁ፣ ስልክ አለ አይደለም ወይ?» ያሉም አሉ። ከስልኩ እንጀምር። ስልክ የሚቀዳውን ድምፅ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከበሮው ጠንከር ብሎ ሲመታ ዘፋኙን ይውጠዋል። ዜማ ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ሥራ ግን በዚያ አይሠራም። የገዛነው ሹር ኤስኤም58 ነው። ይህ ማይክ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በመድረክም በአዳራሽም የምታዩት ያው ነው። ውጭ አገር ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነው። ዳይናሚክ የሚባለው፣ ራቅ ያለውን ድምፅ ብዙም የማይሰማው ዓይነት ስለሆነ አፍ ላይ ተጠግተው ሲዘፍኑበት የዘፋኙን ድምፅ አጉልቶ ይይዛል፤ የጎረቤት ውሻና የታክሲ ረዳት ድምፅ ያን ያህል አይገባበትም። እንደኛ ባለ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለገዢዎች፦ ተመሳስሎ የተሠራ ኤስኤም58 ገበያውን ሞልቶታል። እውነተኛው 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። እኛ ከመክፈላችን በፊት በሚዛን አስመዝነነዋል።

ሁለተኛው ማይካችን ኮንደንሰር የሚባለው፣ ስስ ድምፅ የሚይዘው ዓይነት ነበር፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020። እሱን የገዛነው ለበገና ብለን ነው። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ከጅማቱ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚሰጠውን ንዝረት በዳይናሚክ ማይክ ለመያዝ ስንሞክር ድምፁን በጣም ከፍ ማድረግ ነበረብን፤ ከፍ ሲል ደግሞ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይገባል። ኮንደንሰር ያንን ያስቀራል። ባለ 48 ቮልት ኃይል ይፈልጋል፤ እሱን ሳውንድ ካርዱ፣ ማለትም ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ ይሰጠዋል። ጉዳቱ ሁሉንም ነገር መስማቱ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይሰማል። ለዚህ ነው ክረምት ክረምት በገና የማንቀርጸው።

ያን ሌሊት ሁለቱም ማይኮች ውኃ ውስጥ አደሩ። ኤስኤም58ን ፈትተን፣ ወንፊቱን አጥበን፣ አራት ቀን ፀሐይ በማይመታው ቦታ አደረቅነው። ይሠራል። አሁንም በእድሩ ጸሐፊ ቤት ተቀምጧል፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኮንደንሰሩ ግን ሞቷል። ሳውንድ ካርዱም ሞቷል። ላፕቶፑን ከልጆቹ አንዱ ያን ማታ ይዞት ቤቱ ስለገባ ተርፏል። ፍራሾቹ ሻግተው ተጥለዋል።

ሳውንድ ካርዱ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ነበር። ማስገቢያው ሁለት ብቻ መሆኑን አንስታችሁ ስምንት ማስገቢያ ያለው ለምን አልተገዛም ያላችሁ አላችሁ። እኛ አንድ ላይ የምንቀርጸው ቢበዛ ሁለት ድምፅ ነው፣ ዘፋኙንና ማሲንቆውን ወይም ክራሩን። ከበሮው አስቀድሞ ይቀረጻል፤ ሌላው በሄድፎን እየሰማ ይደርብበታል። ደግሞም ይህ ዕቃ ኃይሉን የሚወስደው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሳውንድ ካርዱም አብሮት ይቀጥላል። ዘፋኙ ስሜት ውስጥ ከገባ በኋላ መብራት ሄዶ ሥራው ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ትልቁ ዕቃ ከግድግዳ ነው ኃይሉን የሚፈልገው።

ስፒከር አልገዛንም። በጠባብ ክፍል ውስጥ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አዛብቶ ያሰማል። በዚያ ፈንታ ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ሄድፎን ሁለት ገዛን፣ ሶኒ ኤምዲአር-7506። የተዘጋ ስለሆነ ዘፋኙ የሚሰማው ሙዚቃ ወደ ማይኩ አያመልጥም። አንዱ ተርፏል፤ አንዱ ሄዷል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ «ነፃ የሚገኝ ነገር ለምን ይገዛል?» የሚል ጥያቄ ተነስቷል። ሪፐር የሚባለውን የመቅረጫ ሶፍትዌር የገዛነው በ60 ዶላር ነው፤ የከፈለልን ውጭ አገር ያለ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከእድሩ ካዝና አልወጣም። ክራክ የተደረገ መጠቀም ይቻል ነበር። ግን ሥራዬ ያለ ፈቃዴ ተባዝቶ ተሸጠብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሙዚቀኛ እያለን በተሰረቀ ሶፍትዌር ልንቀርጽ አልፈለግንም። በዚህ ውሳኔ እስከ ዛሬ እንኮራለን።

በዚያች ክፍል ምን እንደተሠራም አትርሱ። በአራት ዓመት ውስጥ የመዝሙር ቤት ልጆች ቀርጸዋል። የመስጊዱ ወጣቶች መንዙማ ቀርጸዋል። ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺሆዬውን በየተራ የተማሩ ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸውን ያወጡት እዚያ ነው። አንዲት እናታችን ከመሞታቸው ከሁለት ወር በፊት የለቅሶ ግጥማቸውን አስቀርጸዋል። የቀብራቸው ዕለት ልጆቻቸው የሰሙት ያንን ነው። ከማንም አንድ ሳንቲም አላስከፈልንም።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። እሱ ያሳተማቸው ሥራዎች ከብዙ ዓመት በኋላ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ዓለም የሰማቸው ቀድሞ የቀረጻቸው ሰው ስለነበረ ነው። እኛ የምንለምነው ለዚያ የሚያህል ነገር አይደለም። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ አንድ ሄድፎን፣ ስምንት ፍራሽና ቅጂ የሚቀመጥበት ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስኩ ሁለት የሆነው አንዱ ከክፍሏ ውጭ፣ በሌላ ቤት እንዲቀመጥ ነው። ይህን አስቀድመን ባለማድረጋችን የስድስት ወር ሥራ ጠፍቶብናል። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ ለምትሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች የገዛነው በ2014 ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲቀየር 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ዕቃው ያው ነው፤ ብራችን ነው የተለወጠው።

በዋሽንግተንም በጅዳም ያላችሁ ልጆቻችን «ዕቃ ገዝተን እንላክ» ብላችሁናል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን እባካችሁ ቀድማችሁ ንገሩን። ባለፈው ዓመት በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ማይክ መጥቶልን ነበር። ለአንድ ሰው ንግግር ድንቅ ነው፤ ዘፋኝና ክራር ለየብቻ ለመቅረጽ ግን ሁለተኛ ማይክ አይቀበልም። ሰው የሚመጣ ከሆነ ሻንጣው ውስጥ አንድ ኤቲ2020 ቢይዝልን ትልቅ ሸክም ያቃልላል።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚገቡት። የበገናውም የመንዙማውም ወቅት አንድ ላይ ይደርሳል። በገና የሚደረድሩት አባታችን 81 ዓመታቸው ነው። የሚያውቁትን ዜማ ገና ግማሹን እንኳ አልቀረጽንላቸውም። ባለፈው ሳምንት ልንጠይቃቸው ሄደን «ቤቱ መቼ ይከደናል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ምጽዋትም ዘካም ሰደቃም የምትሰጡ ሁሉ፣ ከዚያ ላይ ለዚህ የምትተርፍ ካለች አስቡን። እጁ ያጠረበት በጉልበቱ ይምጣ፤ ፍርስራሹን የምናነሳው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

ቆርቆሮ መቺው ሥራውን እስከ ኅዳር 20 ካልጀመርን በተስማማንበት ዋጋ እንደማይሠራ ነግሮናል።

ደግመን እንናገር፦ ሂሳቡ አንድ ነው፣ በእድሩ ስም፣ ንግድ ባንክ። ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው የባንክ ሂሳብ ነው የምትልኩት፤ ወደ ማንም ግለሰብ ስልክ አትላኩ። በእጅ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዣችን ብቻ ስጡ፣ ማህተም ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። የገባውና የወጣው በየ15 ቀኑ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለቀረጻ ክፍል» ማለታችሁን አትርሱ፤ ያለዚያ ከወር መዋጮው ጋር ይቀላቀልብናል።

የቀረጻ ክፍሉ ኮሚቴ