ወደ ደሴ ያልመጣሁበት ምክንያት

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ደሴ ዘንድሮም ጭጋጓ እንደ ድሮው ነው? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ወደ ዋናው ነገር ለመግባት ፈርቼ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሦስት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ለእናትሽ አርባ ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ምን ሥራ ይበዛባታል? አንቺም ስልኩን እንደያዝሽ ትንሽ ዝም አልሽና «ይሁን» አልሽኝ፤ ያቺ «ይሁን» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እውነቱ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ አቅቶኝ ነበር። የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ 72 ነው፤ አሳንሰር የሚባል ነገር የለውም። በዚያ ሰሞን ግራ ጉልበቴ አብጦ ደረጃውን እንደ ሕፃን እየተቀመጥኩ ነበር የምወርደው። እናቷን ለቀበረች ጓደኛ «ጉልበቴን አሞኛል» ማለት ሰበብ መስሎ ታየኝ። ዋሸሁሽ፤ ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ ለመደወል ፊት አጣሁ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሆነ።

አሁን ብዕር ያስነሣኝ ያንቺው ወሬ ነው። አብራን ታስተምር የነበረችውን ያቺን የሂሳብ አስተማሪ ለቅሶ ቤት አገኘኋት። ከዘራ መያዝሽን፣ ጉልበትሽን በፋሻ ጠፍረሽ ቤት መዋልሽን፣ ገበያ የሚሄድልሽ ልጅሽ መሆኑን ነገረችኝ። «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል ትላለች» አለችኝ። እኔም ይህንኑ ስል ነው የከረምኩት፤ ስለዚህ የእኔን ጉድ ልንገርሽ።

ራጁን ያየው ሐኪም «በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ አጥንት ሳስቷል» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም፤ «ሳስቷል» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የሳሳ ቀሚስ ምን ታደርጊዋለሽ? አጣጥፈሽ ለክት ታስቀምጪዋለሽ። እኔም ጉልበቴን ለክት አስቀመጥኩት። መውጣት ተውኩ። ሽንኩርትና ጎመን ሲያስፈልገኝ ዘንቢል በገመድ አስሬ በበረንዳው አወርዳለሁ፤ የጎረቤት ልጅ ሞልቶ ይሰጠኛል፤ እጎትታለሁ። ሰፈሩ ሲስቅ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ከአልጋ ተነሥቶ ሽንት ቤት መድረስ ራሱ የሩቅ መንገድ ሆነብኝ። በመካከሉ ወጌሻ መጥቶ በቅባት አሸና፣ ጎተተና «ገባ» ብሎኝ ሄደ። ምን እንደ ገባ እንጃ፤ በማግስቱ ጉልበቴ ቅል አክሎ አደረ።

ዱባይ ያለው ልጄ ይህን ሲሰማ «ባንኮክ ሄደሽ ይታጠብልሽ» አለ። በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብተው ጉልበትን ከውስጥ የሚያጥቡትን ሕክምና ማለቱ ነው። ገንዘቡን ሊበደር ነበር።

ከብድሩ ያዳነው፣ እኔንም ያስነሣኝ፣ አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው። ስለ እጥበቱ ስጠይቀው በፈረንጆች 2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነገረኝ። ሂዩስተን ውስጥ ጉልበታቸው እንደ እኔ የሳሳ 180 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው፦ አንዱን ቡድን አጠቡ፣ ሌላውን ውስጡን ጠረጉለት፣ የቀሩትን ግን ቆዳቸውን ብቻ ሰንጠቅ አድርገው ሰፏቸው። የትኛው እንደ ተደረገለት ያወቀ ታካሚ የለም። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው የታጠበውም የተጠረገውም ቆዳው ብቻ ከተሰፋው የተሻለ አልሆነም። ለልጄ ደውዬ ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

ወጣቱ ያደረገው ይህ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ አልጋው ላይ እግሬን ዘርግቼ ሳለ ከኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣ። ከጉልበቴ ሎሚ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ለክቶ በእስክሪብቶ ጭረት አደረገና ጭኔን ዙሪያውን ለካ። ቀኙ 49፣ ግራው 46። ሜትሩን እንደያዘ ቀና ብሎ «እናቴ፣ የሳሳው ልስልሱ አጥንት ብቻ አይደለም» አለኝ። ቀጥሎ ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበቴ ሥር አስገባና «ወደ ታች ይጫኑት» አለኝ። ተጫንኩ። ጥርሴን ነክሼ ተጫንኩ። ጭኔ ግን የሰው ጭን ይመስል ዝም ብሎኛል። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው፤ ገመዱ የላላ አምፖል ሆንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። ጉልበት ሲያብጥ ከዚያ የሚነሣው የነርቭ መልእክት የፊት ጭንን ጡንቻ ያደነዝዘዋል። ያልታዘዘ ጡንቻ ይመነምናል፤ ሲመነምን በእርምጃ ጊዜ ድንጋጤውን የሚቀበለው መገጣጠሚያው ብቻ ይሆናል፤ መገጣጠሚያው ሲጎዳ ደግሞ መልሶ ያብጣል። ልስልሱ አጥንትም የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ጫና ሲያርፍበትና ሲለቀው እንደ ስፖንጅ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው ምግቡን የሚስበው። እኔ ጉልበቴን አሳረፍኩት ብዬ ሳስርበው ከርሜአለሁ ማለት ነው። ሁለታችንም ዕድሜ ልካችንን አማርኛ አስተምረን ይህን አለማስተዋላችን ግን ይገርማል፤ መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም የምንጠራው «ጉልበት» ብለን አይደል? ወጣቱ ይህን ሲያብራራልኝ ብቻዬን የሳቅኩት በዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፎጣ መጫን ብቻ ነበሩ፦ አምስት እስኪቆጠር ይዞ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ። በአራተኛው ቀን ጭኔ ላይ አንዲት ነገር ስትንቀጠቀጥ አየሁ። ደስ ብሎኝ ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ከዚያ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ ሁለት ትራስ ደርቦበት፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ተነሺ ተቀመጪ አለኝ። ስምንት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና ስምንት፣ እንደገና ስምንት። መነሣቱ ቀላል ነው፤ ፈተናው ሳይዘረገፉ ቀስ ብሎ መቀመጡ ነው። ሲቀል አንዱ ትራስ ይነሣል። ቀጥሎ ሁለተኛው። እነዚያን ሁለት ትራሶች እንዴት እንደ ተመኘኋቸው አትጠይቂኝ።

ትራሱ ካለቀ በኋላ ክብደት መጣ። ከልጄ አሮጌ ጂንስ ሱሪ እግሩን ቆርጬ ከረጢት ሰፋሁና አንድ ኪሎ ሽምብራ ሞላሁበት። ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ፊት እዘረጋለሁ። ወጣቱ በየጊዜው ግማሽ ኪሎ ጨምሪ ሲለኝ «በዚህ ዕድሜ ክብደት ማንሣት?» ብዬ ተቆጣሁ። ያኔ ስለ አንድ ሐኪም አጫወተኝ። ቶማስ ደሎርም የሚባል ሰው ነው። በልጅነቱ በሩማቲክ ትኩሳት ታሞ ተኝቶ ነበርና ሲድን ብረት እያነሣ ራሱን አበረታ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቺካጎ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሲሠራ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮች አልጋውን ሞልተውት አገኘ። የዘመኑ ልማድ ቀላል እንቅስቃሴ ደጋግሞ ማሠራት ነበር። እሱ ግን ከባድ ክብደት ጥቂት ጊዜ አስነሣቸው፤ ሲለምዱት ጨመረባቸው። እነሱም በረቱ። ይህን በፈረንጆች 1945 ጽፎ አሳተመው፤ ዛሬም «እየጨመሩ መሄድ» የሚባለው ሕግ ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተከራከርኩም። አሁን ከረጢቷ አራት ኪሎ ሆናለች።

አንቺ የምትፈሪውን አውቃለሁ። እኔም ሕመሙን ነበር የፈራሁት። ደንቡ ይህ ነው፦ ሕመሙን ከአሥር ስንት ነው ብለሽ ራስሽን ትጠይቂያለሽ፤ እስከ አራት አምስት ቢደርስ አትደንግጪ። ዋናው ፈራጅ የማግስቱ ጠዋት ነው። ወደ ነበረበት ከተመለሰ ትቀጥያለሽ፤ ካልተመለሰ ወይም ካበጠ ክብደቱን ትቀንሻለሽ እንጂ ፈጽመሽ አትተዪም። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ማረፍ ነው። እኔ በደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሬ በቀይ እስክሪብቶ ውጤት እሰጠዋለሁ፤ ልማድ መቼ ይለቃል! በአምስተኛው ሳምንት እንግዳ መጥቶ በአንድ ቀን ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ዜሮ አገኘሁ። አበጠ፤ አንዱን ትራስ መልሼ አስገባሁና ከዚያ ጀመርኩ።

ክብደት የመቀነሱንም ነገር አንሥቶብኝ ነበር። ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል ሲለኝ ዘይቱን ቀነስኩ። በጾም ወራት ግን ሽሮና ምስር አብዢ ብሎኛል፤ ጡንቻ ከአየር አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ታዲያ ጉልበትሽን ሐኪም ይየው። ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም ጨርሶ መቆም ካቃተሽ የእኔ ሽምብራ አይመለከትሽም።

በሦስት ወር ግራው ጭኔ ከ46 ወደ 47 ተኩል ደረሰ። ዘንቢሉን ከገመዱ ፈታሁት። ደረጃ መውጣቱ ቀደም ብሎ ተመለሰልኝ፤ መውረዱ ዘገየ፤ ሲወርዱ ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን መያዝ ስላለበት ነው አሉኝ። ዘንድሮ በስቅለት ዕለት አሥራ ሁለት ጊዜ ሰገድኩ። እንደ ድሮው 41 አይደለም፤ አምና ግን ከወንበር ላይ ሆኜ ራሴን ብቻ ነበር ዝቅ የማደርገው። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ በአንዱ ውሸት ያየሁት ይበቃኛል። በክረምቱ ብርድ ይጠዘጥዘኛል፤ ከበርጩማ ስነሣም አሁንም እጄ አንድ ነገር ይፈልጋል።

ይቅርታሽን በደብዳቤ አልጠይቅም፤ እመጣለሁ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ታጥፎ መቀመጥ ለጉልበት ጥሩ ስላልሆነ ሾፌሩን ለምኜ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ ወርጄ እግሬን አፍታታለሁ። ከጥቅምት ጊዮርጊስ በኋላ እንዳደርገው አስቤአለሁ፤ ዝናቡም ያበቃል፣ መንገዱም ይደርቃል። እናትሽ ያረፈችበት ቤተ ክርስቲያን ዳገት ላይ መሆኑን አልረሳሁም። አንቺም እስከዚያ ፎጣውን ጀምሪ። ሁለተኛ ከረጢት ሰፍቼልሻለሁ፤ ሽምብራውንም ሞልቼ አመጣዋለሁ፤ ቆልተሽ እንዳትበዪብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ከግቢሽ በር እስከ ሳሎን ያለው የድንጋይ ደረጃ ስንት ነው? እኔ 24 ብዬ አስታውሳለሁ፤ መደገፊያ ይኑረው አይኑረው ግን ጠፍቶብኛል። አንድ ሰው ይቁጠርልሽና ጻፊልኝ፤ እዚህ እለማመድበታለሁ።

ያንቺው፣
የአራተኛ ፎቋ