ሰማዩን ስንጠብቅ የከረምንበት ዓመት
(የአየር ሁኔታ ክበብ ዘገባ፣ 2017 ዓ.ም.)

ዘንድሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስሜ ተቀይሯል። ‹‹ቲቸር ደመና›› ሆኛለሁ። ሻይ ስንጠጣ አንዱ ባልደረባዬ በመስኮት ያይና ‹‹ቲቸር ደመና፣ ልብስ ላጥብ ወይስ ይቅርብኝ?›› ይለኛል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ይህን የምጽፈው ቀልዱን ሰምታችሁ ሥራውን ላላያችሁ ነው።

ለጅማ ሰው የዝናብ ክበብ ማቋቋም ለቀባሪው ማርዳት የሚመስላችሁ አላችሁ። በዓመት ወደ 1500 ሚሊሜትር የሚዘንብበት ከተማ ነው። ዣንጥላ ከደብተር እኩል ይያዛል። ግን መዝነቡን ማወቅ አንድ ነገር ነው። የትኛው ደመና ከተማችንን የሚያቋርጠውን የአዌቱን ወንዝ እንደሚሞላው፣ መቼ እንደሚሞላው ማወቅ ሌላ ነው።

ጥቅምት ላይ በ19 ተማሪዎች ጀመርን። የሐሙስ ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። ሊቀመንበር ተመረጠ፣ ጸሐፊ ተመረጠች፣ ተጣሉ፣ ታረቁ።

የመጀመሪያው መሣሪያችን ሃይላንድ ነው። አፉን ቆርጠን፣ ገልብጠን መልሰን ከተትነው። ከጎኑ ማስመሪያ ለጠፍን። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ ውሃ ሞላንበት። አለቀ፣ የዝናብ መለኪያ ሆነ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህ ለልጆቹ የገባቸው የአንዱን ብሎክ ጣሪያ ለክተው ሲያባዙ ነው። በ300 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊሜትር ቢዘንብ 12 ሺህ ሊትር ይሆናል። ከኋላ አንዷ ‹‹ስልሳ በርሜል!›› ብላ ጮኸች። ‹‹ይሄ ለፈተና ምን ይጠቅማል?›› ለምትሉኝ፣ በዚያን ቀን የሂሳብ መምህራችን ክፍል ውስጥ ብትሆኑ ጥሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሜቲዮሳትን የሳተላይት ምስል በስልኬ እንከፍታለን። በየ15 ደቂቃው አዲስ ይመጣል። ጠዋት ንጹሕ የነበረው ሰማይ ሰባት ሰዓት አካባቢ እንደ ፈንዲሻ ትንሽ ነጭ ነጥብ ያወጣል። ሙቀትና ቅዝቃዜን በሚያሳየው የኢንፍራሬድ ምስል ላይ ነጥቡ እየሰፋ፣ እየነጣ ከሄደ ደመናው ወደ ላይ እያደገ ነው። አናቱ በጣም ቀዝቅዟል። ያኔ ነጎድጓዱ ብዙም አይቆይም። (የኢንተርኔት ፓኬጁ ከኪሴ ነው። ይመዝገብልኝ።)

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያና ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እናነበዋለን። እሱ የሚናገረው ግን ለሰፊ አካባቢ ነው። ‹‹ዛሬ፣ አሁን፣ በዚህ ድልድይ›› የሚለውን የሰፈር ዓይን ነው የሚያየው። አሜሪካኖች ለዚህ ሁለት ቃል አላቸው። ‹‹ዎች›› ሲሉ ሁኔታው ተመቻችቷል፣ ተዘጋጁ ነው። ‹‹ዋርኒንግ›› ሲሉ መጥቷል ወይም ሊደርስ ነው፣ አሁኑኑ ተነሡ ነው። እኛ ቢጫና ቀይ ካርድ አደረግነው። ከኳስ ሜዳ የመጣ ነገር ስለሆነ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም።

ቀይ ካርድ አራት ጊዜ መዘናል። ሁለቱ ባዶ ሆኑ። ደመናው ወደ ሰቃ ዞረና ሄደ፣ እኛ ‹‹ጅብ መጣ›› እያለ የሚጮኸው እረኛ ተባልን። ይሁን።

ግንቦት ላይ ወደ ጅሬን ወጣን። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ከተማው እንደ ካርታ ይታያል። ከመሄዳችን በፊት የድሬዳዋን ነገር ነግሬያቸው ነበር። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከደጋው ነበር። ታች ያለው ሰው ተኝቷል። ተማሪዎቼ ያኔ አልተወለዱም፤ እንደ ተረት ነው የሰሙኝ።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ቢጫ ካርድ አውጥተናል። ‹‹በቢጫ ቀን ልጆች ይዞ መውጣት ልክ ነው ወይ?›› ያሉ ወላጅ ነበሩ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። ሚኒባሱ ከአጠገባችን እንዳይርቅ ያደረግሁት ለዚያ ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰሜን በኩል ብልጭ አለ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎሜትር ነው። መጀመሪያ 36 ቆጠሩ። ቀጥሎ 27። ከ30 ከወረደ ደንባችን አንድ ነው፦ ወደ መኪናው። ዛፍ ሥር የሚባል ነገር የለም። አንዷ ቀይ ሹራቧን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀች፣ ቀይ መብረቅ ይጠራል ተብላ። ቀለሙ አይደለም ከፍታው ነው ብያት ነበር። አልሰማችኝም።

በሚኒባሱ መስኮት ከላይ ያሉት ኮረብታዎች በግራጫ መጋረጃ ሲሸፈኑ አየን። ከታች ጅማ ፀሐይ ላይ ናት። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። ያኔ ዓመቱን ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ‹‹ቲቸር፣ ስልክዎን ያውሱኝ›› አለኝ። ቤታቸው አዌቱ ዳር ነው። እናቱ ጋ ደውሎ በኦሮምኛ አወራቸው። ዱቄቱን ከወለል አንሺው፣ ምንጣፉንም አላቸው። እሳቸው ምን እንዳሉት ድምፃቸው እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል፦ ‹‹እዚህ እኮ ፀሐይ ነው!››

‹‹እኔ ከላይ ሆኜ እያየሁት ነው›› አለ።

መኪናው ውስጥ የሳቀ የለም።

ስንወርድ ድልድዩ ጋ ቆምን። ከተማው ላይ ገና ጠብ አላለም። አዌቱ ግን ቡናማ ሆኖ፣ የሙዝ ግንድና ላስቲክ ተሸክሞ ይወርድ ነበር። ሁለት ሕፃናት በዳሩ ሊሻገሩ ሱሪያቸውን ሲሰበስቡ የኛዎቹ ሮጠው መለሷቸው። 15 ሳንቲሜትር የሚሮጥ ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ያዛጉ የነበሩት ልጆች ናቸው።

በልጁ ቤት ውሃው ደፉን ነክቶ ተመለሰ። ሰኞ እናቱ ትምህርት ቤት መጡ። ክስ መስሎኝ ደነገጥኩ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። ‹‹በሐምሌ ትምህርት የለም። ያኔ ማን ይደውልልኛል?››

መልስ አልነበረኝም። ክበባችን የሚሠራው ዝናቡ ሲያባራና ሲጀምር ነው። ዋናው ክረምት ሲገባ በሩ ይቆለፋል።

ሌሎች ጉድለቶቻችንን ባጭሩ ልናገር። ሁለት ሃይላንድ ጠፍቶብናል። አንዱ የዘይት መያዣ ሆኗል ብዬ እጠረጥራለሁ። በዚህ ምክንያት የመጋቢት መዝገባችን ዘጠኝ ቀን ይጎድለዋል። መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ነጎድጓዱ ሲጀምር ነው፣ ስልኬም አብሮ ይሞታል። ለአንድ መሥሪያ ቤት እውነተኛ የዝናብ መለኪያ እንዲሰጠን ደብዳቤ ጻፍን። ሦስት ጊዜ ሄድን፣ ሦስቱንም ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ለእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ ሲገዛ ከልብ ደስ ብሎናል። ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ጨዋታው እንዲራዘም ቀድሞ የተናገረው ግን የኛ ክበብ ነው፤ ማሊያ የለንም እንጂ።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ የዝናብ መለኪያ፣ አንድ ፓወር ባንክ፣ አንድ ሜጋፎን፣ ጥቂት የጎማ ቦቲ። ቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ስማርት ስልክ ካለም እንቀበላለን፤ ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ግድ የለንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የክረምቱ ነገር ይቅደም። 11 ተማሪዎች ሐምሌንና ነሐሴን በተራ ሊለኩ፣ አዌቱ ዳር ላሉ ቤተሰቦችም ሊደውሉ ፈርመዋል። ስልክ ቁጥሮቹን ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው ሰበሰቡ። ዘበኛችን ጋሼም ‹‹እኔ እከፍትላቸዋለሁ›› ብለዋል። የተረኞቹ ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል። የግቢው ቁልፍ እንዲሰጠን የጻፍነው ማመልከቻ ግን ይህ መጽሔት ማተሚያ ቤት እስከገባበት ቀን ድረስ ጠረጴዛ ላይ ነው።