ለአዲስ አበባ ትራፊክ ማኔጅመንት ባለስልጣን፦ ቀይ የሚጥሰውን በካሜራ ቅጡልን፣ ግን ታርጋ አትምረጡ

ይድረስ ለመስሪያ ቤቱ ሃላፊዎች፣

ቀይ መብራት የሚጥስ ሹፌር በካሜራ ተይዞ ይቀጣ የሚለውን ሃሳብ ከልቤ ነው የምደግፈው፣ ይሄንን ቀድሜ የምናገረው ከታች የምፅፈውን አይታችሁ ይሄ ሰውዬ ካሜራ ጠላ እንዳትሉኝ ነው። እዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፣ ይሄንን ደግሞ ከማንም በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ድሮ መብራት የሚጣሰው ማታ ማታ ነበር፣ መንገዱ ጭር ሲል። አሁን በጠራራ ፀሃይ ሆኗል። ሰከንድ የሚቆጥሩት መብራቶች ጋር ትንሽ ቆም ብላችሁ እዩት፣ 3፣ 2 ሲል ፍሬን ከሚይዘው ነዳጅ የሚሰጠው ይበዛል፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ቀይ ላይ የቆመው ቁጥሩ ሳያልቅበት ክላቹን ለቆ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ካልተንቀሳቀሰ ከኋላው ያለው ክላክስ ያስጨንቀዋል፣ ስለዚህ ሁለቱ መሃል ላይ ነው የሚገናኙት። እግረኛው ደግሞ እዛው መሃል ዜብራ ላይ ነው ያለው። በቅርቡ ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት እናት ልጇን አዝላ በአንድ እጇ ፌስታል ይዛ የእግረኛ አረንጓዴ በርቶላት እየተሻገረች አንድ ሚኒባስ ቀዩን ጥሶ መጣ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆርቆሮውን እየደበደበ "ሂድ ሂድ" ይለዋል፣ እሷ ወደ ኋላ ስትል ፌስታሉ ወድቆ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሚኒባሱ ዞር ብሎም አላያት። ትራፊኩ በዛች ሰዓት ከማዶ ሌላ መኪና አስቁሞ መንጃ ፍቃድ እያየ ነበር፣ እሱ ላይ አልፈርድም፣ አንድ ሰው አራት አቅጣጫ ማየት አይችልም። ካሜራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዛ ላይ በኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገድ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገዱም አምሯል፣ ግን የሰፋ መንገድ ለመሻገር ረጅም ነው። 20 ሜትር አስፋልት ጤነኛ ሰው ደህና ቢራመድ 17 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ከዘራ የያዙ አባት ደግሞ 25 ሰከንድም ላይበቃቸው ይችላል። የአንድ መኪና 2 ሰከንድ መቸኮል እነዚህ አባት ላይ ነው የሚያርፈው።

እንግዲህ ካሜራው ይስራ ካልን ሰው የሚያምነው ሆኖ ይስራ፣ የምለምናችሁም ይሄንን ነው። የመጀመሪያው የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ነው። መገናኛም ሆነ ቦሌ መንገድ ሲጨናነቅ መብራቱ ቀይ ሆኖ ትራፊኩ በእጁ "እለፍ" ይላል፣ በህጉም ቢሆን ትራፊክ ካለ የሚታዘዙት እሱን ነው። ካሜራው ግን ይሄንን አያውቅም፣ ቀይ ነው ታርጋው አለፈ ብሎ ይይዛል። ስለዚህ ቅጣት ከመላኩ በፊት ቪድዮውን የሚያይ ሰው መኖር አለበት፣ ትራፊክ እያሳለፈ የነበረበት ሰዓት ተለይቶ ይሰረዝ፣ ለአምቡላንስ መንገድ ለመልቀቅ መስመሩን ያለፈም እንደዛው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የትራፊክ መብራቱ የሚዘባረቅበት ቦታም አለ፣ እሱም ይታሰብበት።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ሊብሬው ነው። እኛ ሀገር መኪና በውክልና እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም፣ ሰውየው መኪናውን ከሸጠ ስንት አመቱ፣ ገዢው ደግሞ ለሌላ ሸጦት፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን አሁንም የመጀመሪያው ባለቤት ነው። ካሜራው ታርጋ ነው የሚያየው፣ ታርጋው የሚያመጣው ስም የሸጠውን ሰውዬ ነው፣ ምናልባት ውጭ ሀገር ነው ያለው ምናልባትም ሞቷል። እና ቀይ የጣሰው ሹፌር ምንም ሳይሰማው ይነዳል ማለት ነው። የኪራይ ታክሲም እንደዛው፣ ባለቤቱ ቤቱ ተቀምጦ ሹፌሩ ነው የሚጥሰው። መፍትሄ የሌለው ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በሹፍርና ነው የሚተዳደሩት፣ እነሱን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፣ እዛ ቀይ ጥሶ በካሜራ የተያዘ 150 ዶላር ነው፣ ለባለ ታርጋው በፖስታ ይመጣለታል፣ ፎቶውንና ቪድዮውን ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ያየዋል፣ በመንጃ ፍቃዱ ላይ ግን የጥፋት ነጥብ አይያዝበትም ምክንያቱም ማን እንደነዳ ካሜራው አላየም። እኛም ጋር ብሩ በታርጋው ይምጣ፣ ሪከርዱ ግን የነዳው ሰው ሲታወቅ ብቻ ይያዝ፣ ባለቤቱም "ያን ቀን የነዳው እገሌ ነው" ብሎ በውሉ ወይ በውክልናው የሚያስመዘግብበት መንገድ ክፈቱለት። ያልተከፈለ ቅጣት ደግሞ ቦሎ ሲታደስ ይጠየቅ፣ ያኔ መኪናው በማንም ስም ይሁን የያዘው ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ቢጫው ላይም አንድ ነገር ልበል። ቺካጎ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነገር አለ፣ ቢያንስ 3 ሰከንድ መቆየት የነበረበት ቢጫ 2.9 ላይ አልቆባቸው የተቀጡ ሰዎች ነበሩ፣ ወደ 77 ሺህ ቅጣት በዚህ መንገድ ተልኮ ነበር። እዛው ከተማ የካሜራ ውሉን ከያዘው ድርጅት ጉቦ የበላ የከተማው ሃላፊ እ.ኤ.አ. በ2016 10 አመት ተፈርዶበታል። ይሄንን የማነሳው እናንተን ለመጠርጠር አይደለም፣ ካሜራውን የሚያቀርበው ድርጅት በተቀጣው ሰው ቁጥር የሚከፈለው ውል እንዳትፈርሙ ነው፣ በቁጥር ከተከፈለው ቢጫው እንዲያጥርለት ይፈልጋል። አሜሪካ በ7 ቦታዎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናትም ካሜራ ያለበት መስቀለኛ ላይ አንዱ መኪና ሌላውን ከጎኑ የሚመታበት ግጭት ሩብ ያህል ቀንሶ ከኋላ የመጋጨቱ ደግሞ 15 ከመቶ አካባቢ ጨምሯል ይላል፣ ሰው ደንግጦ ፍሬን ስለሚረግጥ። የጎን ግጭት ነው ይበልጥ ሰው የሚገድለው፣ ስለዚህ ትርፉ ይበልጣል፣ ግን ካሜራ እንዳለ የሚናገር ምልክት ቀድሞ ቢተከል፣ የመጀመሪያዎቹ ወራትም ማስጠንቀቂያ ብቻ ቢላክ፣ ድንጋጤው ይቀንሳል።

ማስረጃው ለሰው ይታይ። መኪናው ቀይ በርቶ ከመስመሩ ኋላ ያለበት አንድ ፎቶ፣ መሃል የገባበት አንድ ፎቶ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ በኤስ ኤም ኤስ በሚላክ ሊንክ። ህዝቡ በቴሌብር መክፈል ለምዷል፣ ፎቶውን ካየ ይከፍላል፣ ሳያይ ክፈል ካላችሁት ግን በየቢሮው ሲከራከር ነው የሚውለው፣ ሰው ፈልጎ ለማሰረዝ የሚሞክረውም ያኔ ነው።

የመጨረሻው የኮድ 4 ነገር ነው። የመንግስት መኪና ቀይ ሲጥስ ያየ ሚኒባስ ሹፌር ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፣ "እነሱ ሲሄዱ እኔ ለምን እቆማለሁ" ነው የሚለው፣ እኔም መልስ የለኝም። አምቡላንስና እሳት አደጋ ስራ ላይ ሆነው ይለፉ፣ ሃላፊ ስብሰባ ረፍዶበት ግን ቀይ መጣስ የለበትም፣ ቅጣቱንም ከመስሪያ ቤቱ በጀት ሳይሆን ሹፌሩ ወይ አዛዡ ከኪሱ ይክፈል። በየወሩ የትኛው መስቀለኛ ላይ ስንት መኪና ቀይ እንደጣሰ፣ ስንቱ እንደከፈለ፣ ስንቱ እንደተሰረዘ በኮድ ከፋፍላችሁ ፔጃችሁ ላይ አውጡልን፣ ኮድ 1 ለብቻ፣ ኮድ 2 ለብቻ፣ ኮድ 3 ለብቻ፣ ኮድ 4 ለብቻ።

ከአክብሮት ጋር፣
በእግሩም በመኪናም የሚሄድ የከተማው ነዋሪ