ፌዶራ ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ስለ አፕዴት እና ከፌዶራ ስለሚጠበቀው መረጋጋት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና እና ከሸዋ ሮቢት የሚደርሱን ጥሪዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ኮምፒውተሩ አፕዴት ተደርጎ ሲነሣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ዕቃው አልተበላሸም፣ ፋይላችሁም አልጠፋም።

ፌዶራ አዲስ ነገር ቀድሞ የሚያስገባ ሥርዓት ነው። በየስድስት ወሩ ገደማ፣ በሚያዝያ እና በጥቅምት አካባቢ አዲስ ዕትም ይወጣል፤ አንዱ ዕትም አፕዴት የሚያገኘው ለ13 ወር ያህል ብቻ ነው። በመካከሉም ከርነሉ (ዕቃውንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት) ይቀየራል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ በሌላው ሊኑክስ እምቢ ያለው ዋይፋይ በፌዶራ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው።

በብዛት የሚቸገሩት የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ምስልን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ዕቃ) ያላቸው ናቸው። ከአርፒኤም ፊውዥን (ለፌዶራ ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚገኙበት ማከማቻ) የምንጭንላችሁ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ እንደ አዲስ ይገነባል። ይህ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በደካማ ማሽን ላይ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሳያልቅ ሪስታርት ካደረጋችሁ አዲሱ ከርነል ያለ ድራይቨር ይነሣል። ስለዚህ አፕዴቱ "አልቋል" ካለ በኋላም አሥር ደቂቃ ታገሡት። ከጠቆረባችሁ ደግሞ አጥፍታችሁ አብሩትና ገና ሲነሣ ኢስኬፕን አንድ ሁለቴ ንኩ (ደጋግማችሁ ከመታችሁት ትእዛዝ መጻፊያ ውስጥ ይከታችኋል፤ ያን ጊዜ እንደገና አስነሡት)። ከሚመጣው ዝርዝር ሁለተኛውን መስመር ምረጡ። ፌዶራ የመጨረሻዎቹን ሦስት ከርነሎች ስለሚያስቀምጥ በቀድሞው ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ። አሮጌዎቹን "ቦታ ያዙ" ብላችሁ እንዳታጠፉ አደራ እንላለን።

መብራት ሌላው ስጋት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። ጭነቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ አሮጌውና አዲሱ ፓኬጅ ተደራርበው ይቀሩና ቀጣዩ አፕዴት እንቢ ይላል። በስልክ ዳታ የምትጠቀሙ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ግንኙነቱ የዳታ ገደብ ያለው መሆኑን አመልክቱ፤ አፕዴቱ ራሱን በራሱ ማውረዱን ያቆማል።

ወደ አዲስ ዕትም ለመሻገር በወጣበት ሳምንት አትቸኩሉ፤ አንድ ወር ይለፈው። አንዱን ዕትም ዘልሎ ወደሚቀጥለው መግባት ስለሚቻል በዓመት አንዴ ማሳደግ ይበቃል። ሐምሌ ላይ፣ ግብር በምታሳውቁበት ሰሞን፣ ፈጽሞ አትንኩት። ከማሳደጋችሁ በፊት የግል ፋይላችሁን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ።

የሱቅ ሒሳብ፣ የደመወዝ ዝርዝር ወይም የፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ለሚሠራበት ኮምፒውተር ግን ፌዶራን አንመክርም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ወይም በ2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 የተባሉት ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች ይሻሏችኋል፤ ሁለቱም ለአምስት ዓመት የደኅንነት ጥገና ያገኛሉ። የዴቢያን ፕሮግራሞች ያረጁ ቢመስሉም የደኅንነት ቀዳዳዎቻቸው ይደፈናሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር (ሰው በድብቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ) ሲገኝ፣ ፕሮግራሙ ገና በሙከራ ላይ ወዳሉት የፌዶራና የዴቢያን ቅርንጫፎች ገብቶ ነበር፤ የተረጋጋው ዴቢያን ግን የቀድሞውን ይዞ ስለነበር አልነካውም። ለተማሪ፣ ለፕሮግራመር፣ አዲስ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ፌዶራ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከላይ ያለውን ካወቀ እናበረታታዋለን።

ወደ ዴቢያን መቀየር የምትፈልጉ ኮምፒውተሩን ከነቻርጀሩ አምጡልን፤ የአታሚያችሁንም ሞዴል ጻፉልን፣ ድራይቨር መኖሩን ቀድመን እናያለን። ስለ ብልሽት ስትደውሉ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል፣ ደብረ ብርሃን