የሞዴል ሥራ ክበብ፦ «የመቼ ነው?» ስንል የከረምንበት ዓመት

ዓመቱን የጀመርነው በክርክር ነው። አንድ የክበባችን አባል የእረፍት ጊዜውን ሙሉ የደከመበትን፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታይገር ታንክ ሞዴል ይዞ መጣ። አቧራ የለበሰ፣ ሰንሰለቱ ውስጥ ሳይቀር አሸዋ የገባበት፣ እጁን የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ከሥሩ «ቱኒዚያ፣ 1943» ብሎ ጽፎበታል። ሞዴሉን ዝም ብላ ስታገላብጥ የቆየች ሌላ አባል በጎኑ ላይ ያለውን ሸንተረራማ ልባስ በጣቷ ነካ አድርጋ «ይህ እዚያ አልነበረም» አለች።

ልክ ነበረች። ልባሱ ዚመሪት ይባላል። ጀርመኖች መግነጢሳዊ ፈንጂ ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ ታንኮቻቸውን የሚለስኑበት ሊጥ መሰል ነገር ነው። በፋብሪካ መለሰን የተጀመረው ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ የቱኒዚያው ውጊያ በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ አብቅቷል። ልዩነቱ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ልጁ አዘነ፤ እኔም አዘንኩለት። ነገር ግን ያቺን ተማሪ «ተይው፣ ማን ያየዋል?» ብላት ኖሮ ክበቡ በዚያው ቀን በሞተ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን። ማንም አባል የማጣበቂያውን ክዳን ከመክፈቱ በፊት ሞዴሉ የየት ቦታና የየትኛው ወር እንደሆነ በካርድ ላይ ይጽፋል። ደንቡ ከባድ መሆኑ የታወቀን ስንጀምር ነው። ታይገር ከ1942 እስከ 1944 ሲመረት ብዙ ነገሩ ተለውጧል። እስከ 1943 መጀመሪያ መደበኛ ቀለሙ ጥቁር ግራጫ ነበር፤ ከየካቲት ወር ጀምሮ ደግሞ ጥቁር ቢጫ እንዲሆን ታዘዘ። መንኮራኩሮቹ መጀመሪያ የጎማ ጠርዝ ነበራቸው፤ ከ1944 መጀመሪያ በኋላ የተሠሩት ግን በብረት ጠርዝ ወጡ። ስለዚህ «ታይገር እሠራለሁ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ፎቶግራፍ ማንበብ ነው፤ በእኔ እምነት ከቀለም ቅብ ይልቅ ተማሪዎቹን ያሳደጋቸውም ይኸው ነው። አንድ ተማሪ የእንግሊዝ ስፒትፋየር አውሮፕላን እየሠራ፣ በጎኑ ላይ ያለውን ክብ ዓርማ የውጭ ቀለበት ጥቁር ሊቀባው ተነሣ። ማስረጃው የጦርነቱ ዘመን ፎቶግራፍ ነበር፤ በፎቶው ላይ ቀለበቱ በእርግጥ ጥቁር ይመስላል። እውነተኛው ቀለም ግን ቢጫ ነው። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረ አንድ ዓይነት የጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይ ብርሃንን ፈጽሞ አያይም፤ ስለዚህ ቀይና ቢጫን አጥቁሮ፣ ሰማያዊን አንጥቶ ያወጣል። ፎቶው አልዋሸም፤ እኛ ግን ቋንቋውን አላወቅንም ነበር። ሙዚየም ውስጥ የቆመ ታንክም ቢሆን ከጦርነቱ በኋላ ደጋግሞ ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀኑ የታወቀ የጦር ሜዳ ፎቶ እንዲቀድም ተስማማን።

ስሌቱን በአጭሩ ላንሣ። በ1 ለ35፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሶ በሚሠራ ሞዴል ላይ አንድ ሚሊሜትር በእውነተኛው ታንክ ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ቀለም ወፍራም ሆኖ ከተቀባ የብሎን ራስ ይውጣል። አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሚረዝም ሰው አምስት ሴንቲሜትር ይሆናል።

ሁለተኛው ትልቅ ክርክራችን በሶቪየቱ ቲ-34 ላይ ነበር። ሁለት ተማሪዎች የስታሊንግራድን ፍርስራሽ በበረዶ ሸፍነው በሚያስደንቅ ትዕግሥት ሠሩ፤ መካከሉ ላይ ያቆሙት ታንክ ግን ባለ 85 ሚሊሜትር መድፉ ነው። የስታሊንግራድ ውጊያ ያበቃው በየካቲት 1943 ሲሆን ይህ ታንክ ለጦሩ የደረሰው በ1944 መጀመሪያ ነው። «መድፉን ብቻ እንቀይር» አሉ። አይበቃም፤ መድፉን የተሸከመው የሚዞረው የላይኛ ክፍል፣ ማማው ራሱ ሌላ ነው። በቀድሞው ጠባብ ማማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አዛዡ ጦርነቱን መቃኘቱን ትቶ መድፉን ራሱ አልሞ ይተኩስ ነበር። በአዲሱ ሰፊ ማማ ውስጥ አዛዥ፣ ተኳሽና አጉራሽ ሦስት ሆኑ፤ የታንኩ ሠራተኞችም ከአራት ወደ አምስት አደጉ። የማማው ስፋት በውስጡ ያለው ሰው ምን ያህል ማየት እንደቻለ ይናገራል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እስከዚያች ቀን ስለ ብረት እንጂ ስለ ሰው አላሰቡም ነበር።

ልጆቹ ለሦስት ቀናት ከተማከሩ በኋላ ታንኩን ሳይነኩ ቀኑን ለወጡት። በረዶውን ፈቅፍቀው አነሡ፣ የግድግዳዎቹን ጽሑፍ ከሩሲያኛ ወደ ጀርመንኛ ቀየሩ፣ ካርዱ ላይም «በርሊን፣ ሚያዝያ 1945» ብለው ጻፉ።

በዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርእይ ላይ ሁሉም ሞዴል ከነካርዱ ቀረበ። የታይገሩ ባለቤት ዚመሪቱን በቢላዋ ጫፍ ፍቆ ጨርሷል፤ በግራ ጎኑ ላይ የቀረውን ጭረት በአቧራ ቀለም ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ እንዲታይ ተወው። የበርሊኑን ሞዴል የሠሩት ሁለቱ ደግሞ በሩ ሊከፈት አምስት ደቂቃ ሲቀረው አምስተኛውን ሰው በማማው ላይ እያጣበቁ ነበር።