የታሪክና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በድንጋይ ቀለበት ውስጥ ያለች መንደር

ዘንድሮ በለንደኑ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ያለው ክበባችን ሥራውን የጀመረው በክርክር ነበር። በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከአማርኛው ትምህርት በኋላ በምትኖረን የአንድ ሰዓት ጊዜ፣ ለ17ቱ አባላት የዓመቱን ዕቅድ ሳነብላቸው አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ እዚህ የምንመጣው የአክሱምንና የላሊበላን ለመማር አይደለም እንዴ? የእንግሊዞቹንማ በሰኞው ትምህርት ቤት ያስተምሩናል» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ልጆቻችን ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ እንግሊዝ አገር ነው፤ የጢያን ትክል ድንጋይ በፎቶግራፍ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩት ከአባላቱ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ቅርስን አጠገቡ ቆሞ፣ ለክቶና ዳስሶ መመርመርን ለመለማመድ ደግሞ ከለንደን ተነስተን በአንድ ቀን ደርሰን የምንመለስበት ቦታ ያስፈልገን ነበር። ስለዚህ በዊልትሸር አውራጃ የምትገኘውን፣ በጥንታዊ የድንጋዮች ክብ ውስጥ ያለችውን ኤቭበሪ የተባለች የገጠር መንደርና በዙሪያዋ ያሉትን ጥንታዊ ሐውልቶች መረጥን።

በዚያው አውራጃ ያለውን ሌላውን የድንጋይ ክብ፣ ስቶንሄንጅን፣ ለምን እንዳልመረጥን ወላጆች ደጋግመው ጠይቀውኛል። ስቶንሄንጅ ዝነኛ ነው፤ ይሁን እንጂ በተለመደው የጉብኝት ሰዓት የመጣ ሰው ድንጋዮቹን የሚያየው ከገመድ ወዲህ ሆኖ ነው። ኤቭበሪ ላይ ግን ሰው በድንጋዮቹ መካከል እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ በጎች ይግጡበታል፤ አውራ መንገድ ያቋርጠዋል፤ መጠጥ ቤት ሳይቀር በክቡ ውስጥ አለ። ሁለቱ ስፍራዎች በ1986 በአንድ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚህ ዘገባ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የመጀመሪያው የትምህርት ወቅት በልኬትና በሒሳብ አለፈ። የኤቭበሪ ቀለበት የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በግምት ከ2850 እስከ 2200 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በየደረጃው ነው። ዙሪያውን የከበበው ጉድባ ሲቆፈር 9 ሜትር ያህል ጥልቀት የነበረው ሲሆን፣ ከውስጡ የወጣው አፈር በውጪ በኩል እንደ ግንብ ተከምሮበታል። ቆፋሪዎቹ ብረት አልነበራቸውም፤ መቆፈሪያቸው የአጋዘን ቀንድ ነበር። የቆፈሩትም አለት ጠመኔ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሰሌዳ ላይ የጻፍኩበት ነገር ያን ያህል አገር የሚያለብስ አለት መሆኑ ቢያስደንቀኝም፣ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የተማሩት ተማሪዎቼ ግን ጠመኔ ምን እንደሆነ በቅድሚያ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ።

የውጪው ክብ ከዳር እስከ ዳር 330 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን ቀድሞ 100 ያህል ድንጋዮች ነበሩት፤ በውስጡም ሌሎች ሁለት ክቦች ነበሩ። ድንጋዮቹ በአካባቢው ኮረብታዎች ላይ የሚገኙ፣ ሳርሰን የሚባሉ ጠንካራ የአሸዋ ድንጋዮች ናቸው። የትልቁ ክብደት ከ40 ቶን እንደሚበልጥ ይገመታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባቸው አንድ ቅዳሜ ሚዛን አምጥቼ አባላቱን አንድ በአንድ መዘንን፤ እኔን ጨምሮ አንድ ቶን አልሞላንም። ከጢያ ጋር ባደረግነው ንጽጽር ደግሞ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ያስተዋለችውን እዚህ ላሰፍረው እወዳለሁ። በ1980 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 36 የጢያ ድንጋዮች 32ቱ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው ናቸው፤ የኤቭበሪዎቹ ግን ከጢያዎቹ ከ3,000 ዓመት በላይ የሚቀድሙ ከመሆናቸውም በላይ መሮ ያልነካቸው፣ እንደተፈጠሩ የቆሙ ናቸው። ልጅቱ «የጢያዎቹ ይናገራሉ፤ እነዚህ ዝም ብለዋል» ብላ በደብተሯ ጽፋለች።

ጉዞው የተደረገው በግንቦት ወር ነው። የተከራየነው አውቶቡስ 50 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ፤ ይባስ ብሎም ሾፌሩ ሲልበሪ የተባለውን ጉብታ በቀኝ ካለፈ በኋላ ወደ መንደሩ የሚታጠፍበትን አደባባይ ስቶ ወደ ምዕራብ ቀጠለ። በዚህ ስሕተት በዕቅዳችን ያልነበረውን የቸርሂልን ነጭ ፈረስ ለማየት በቃን። በኮረብታው ገደል ላይ ሣሩን ገፎ ጠመኔውን በማጋለጥ የተሣለ ግዙፍ ፈረስ ሲሆን፣ በ1780 አንድ ሐኪም ከሩቅ ቆሞ በመለከት መሰል ማጉያ እየጮኸ ሠራተኞቹን «ወደዚህ፣ ወደዚያ» እያለ እንዳሠራው ይነገራል። ልጆቹ በመስኮት ተደራርበው ሲያዩ ሾፌሩን ይቅር አልኩት።

መንደሩ ስንደርስ የመጀመሪያው ሥራችን በአፈሩ ግንብ ላይ ዞሮ እርምጃ መቁጠር ነበር። ዙሪያው 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር እርጥቡ ጠመኔ በጫማችን ሥር እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከፍታ ጨመረልን። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ጉድባው፣ ድንጋዮቹ፣ ከዚያም በመካከላቸው የሳር ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ የአበባ አጥር፣ የተሰጣ ልብስ። በደቡቡ መግቢያ ካሉት ድንጋዮች አንዱ ወንበር የሚመስል ጉድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ 17ቱም በየተራ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ እኔም ተቀምጫለሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ዳሩ በሰው መቀመጥ ለስልሶ እንደ አሮጌ ደረጃ ሆኗል።

የጎደሉት ድንጋዮች ወዴት እንደሄዱ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ጥቂቶቹ በመካከለኛው ዘመን ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ተቀብረዋል። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ነዋሪዎቹ ከድንጋዩ ሥር እሳት እያነደዱ፣ ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ እየደፉ፣ በመዶሻ እየሰነጠቁ ቤትና አጥር ሠሩበት። ዊልያም ስቲውክሊ የተባለው ተመራማሪ ከ1719 እስከ 1724 እየተመላለሰ ሲሰበሩ አይቶ የቀሩትን በሥዕል መዝግቧል። ከእሱ በፊት በ1649 የጥንታዊ ነገሮች አጥኚው ጆን ኦብሪ ለአደን ወጥቶ ሳለ ስፍራውን ማየቱ፣ ኋላም ኤቭበሪ ስቶንሄንጅን የሚበልጠው ካቴድራል አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን በሚበልጥበት መጠን ነው ብሎ መጻፉ ለልጆቹ በጣም ገባቸው፤ አጥቢያ ምን እንደሆነ ያውቃሉና።

ከምሳ በኋላ፣ ወላጆች የላኩትን ዳቦ በጎች እንዳይቀሙን ቆመን ከበላን በኋላ ማለቴ ነው፣ ወደ ዌስት ኬኔት ረጅሙ መቃብር ሄድን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3650 ገደማ የተሠራ፣ 100 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአፈር ክምር ሲሆን፣ በምሥራቁ ጫፍ በትላልቅ ድንጋዮች የተሠሩ ክፍሎች አሉት፤ በውስጣቸውም ቢያንስ የ36 ሰዎች አጽም ተገኝቷል። ጎንበስ ብለን ገባን። ከግድግዳው ድንጋዮች በአንዱ ላይ የድንጋይ መጥረቢያ ሲሳልበት የለሰለሰ ቦታ አለ፤ በእጅ ባትሪ ሲያበሩበት ያንጸባርቃል። አንዱ ልጅ ጣቱን እያሳለፈ «የአያቴ መሳያ ድንጋይ እንዲህ ነው» አለ፤ ሌሎቹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አሉ፤ በክበቡ ዓመት ካየኋቸው ጸጥታዎች ያልታዘዘው ያ ብቻ ነው።

ሲልበሪ ግን አበሳጫቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 ገደማ የተጠናቀቀው ይህ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ በአውሮፓ ሰው ከሠራቸው ቅድመ ታሪክ ጉብታዎች ትልቁ ነው። በ1776 ከአናቱ ቁልቁል፣ በ1849 ከጎኑ፣ እንደገናም ከ1968 እስከ 1970 ተቆፍሮ አንድም መቃብር፣ አንድም ሀብት አልተገኘበትም። ይልቁንም የድሮዎቹ ቁፋሮዎች በ2000 አናቱን አስደርምሰውት ከ2007 እስከ 2008 ውስጡ እየተሞላ ተጠግኗል። መውጣትም ክልክል ነው። «ታዲያ ለምን ሠሩት?» ለሚለው መልስ አልነበረኝም፤ ከመንገዱ ዳር ቆመን ሥዕል ሥለን ተመለስን።

በመንደሩ ሙዚየም የተማርነው የሁለት አጽሞች ታሪክ ግን የቀረውን ዓመት ወሰደብን። አንደኛው በ1938 ከአንድ የወደቀ ድንጋይ ሥር የተገኘ ሰው ነው፤ አብረውት መቀስ፣ የደም መብጫ የሚመስል መሣሪያና የ1320ዎቹ ሳንቲሞች ስለተገኙ ጸጉር ቆራጭና ሐኪም ነበር ተባለ፤ ድንጋይ ሲቀብሩ ወድቆበት ሞተ የሚለው ግምት ግን ኋላ አጥንቱ ሲመረመር አጠራጣሪ ሆኗል። ሁለተኛው በአቅራቢያው ባለው ዊንድሚል ሂል በተባለ ኮረብታ የተገኘ፣ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነው። ድሩይዶች (ከክርስትና በፊት የነበሩ የብሪታንያ ካህናት ተከታዮች) ነን የሚሉ ሰዎች በ2006 ሕፃኑ ተመልሶ እንዲቀበር ጠይቀው፣ በ2010 በሙዚየም እንዲቆይ ተወስኗል። ከታናናሾቹ አባላት አንዷ ቀስ ብላ «ፍትሐት ተደርጎለታል?» ስትለኝ፣ ከክርስቶስ ልደት ከ3,000 ዓመት በላይ ቀድሞ የሞተ ነው ከማለት ሌላ የምለው አጣሁ።

በሰኔ ያደረግነው ክርክር የተነሣውም ከዚያው ከሙዚየሙ ነው። በማርማላታ ሽያጭ ከበለጸገ የስኮትላንድ ቤተሰብ የተወለደው አሌክሳንደር ኪለር በ1930ዎቹ የመንደሩን አብዛኛውን መሬት ገዝቶ የተቀበሩትን ድንጋዮች አስቆፍሮ አቆመ፤ ለጠፉት የሲሚንቶ ምልክት አስተከለ፤ በ1943ም ስፍራውን ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ሸጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በክቡ ውስጥ የነበሩ ጎጆዎች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ከክቡ ውጪ ወደተሠሩ ቤቶች ተዛውረዋል። ትክክል ነበር ወይ? ደጋፊዎቹ ኪለር ባይመጣ ዛሬ የምናየው ግማሹ እንኳ አይኖርም አሉ። ከተቃዋሚዎቹ አንዷ ግን፣ ላሊበላ ያሉት አያቷ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የነበረውን ቤታቸውን ለቀው ወደ ሌላ ሰፈር መግባታቸውን ተናገረች፤ «አያቴ ቤቱ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ግን ቅዳሴው አይሰማም» አለች። ድምፅ ሲሰጥ 9 ለ6 ኪለር አሸነፈ፤ ሁለት ተማሪዎች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። እኔ ድምፅ የለኝም እንጂ ቢኖረኝ ከስድስቱ ጋር እሆን ነበር፤ ቤቶቹ ባይኖሩ ኤቭበሪ ከስቶንሄንጅ የሚለይበት ነገር ብዙ አልነበረምና።

በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ አባላቱ የሠሩት ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ካርታ በአዳራሹ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁንም እዚያው አለ። ልኬቱ በርምጃ ቆጠራችን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በሰሜን በኩል ትንሽ ተንጋድዷል። ቤቶቹን የሣለችው የላሊበላዋ ልጅ ናት፤ ከድንጋዮቹ አስበልጣ ሥላቸዋለች፤ እንድታስተካክል አላዘዝኳትም። ለሚቀጥለው ዓመት በኦክስፎርድሸር ያለውንና 3,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን የአፊንግተንን ነጭ ፈረስ ለማየት አስበናል። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ ወላጆች የፈቃድ ወረቀቱን ከጽሕፈት ቤት እንዲወስዱ፣ ልጆቹም ጠመኔ ቢያበላሸው የማያሳዝናቸው አሮጌ ጫማ ከወዲሁ እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ።